የስልኩ ገበያና የእኅቶች ዝምታ

ሰሞኑን በምግብ አዳራሹ በር ላይ ከቆሙት ወንድሞቻችን አንዱ፣ አንዲት ጓደኛችን ከዴሊቨሪ ሞተረኛ የፌስታል ጥቅል ስትቀበል አይቶ፣ «ቀን በክፍል፣ ሌሊት በቴሌግራም! የቤተሰብ ገንዘብ እንዲህ ነው የሚያልቀው!» ብሎ ጮኸ። በዙሪያው የነበሩት ሁሉ ሣቁ። እኛ የዚያች ልጅ የመኝታ ቤት ጓደኞች ነን። በዚያው ሰዓት መልስ ልንሰጥ እንችል ነበር፤ ነገር ግን በበር ላይ በጩኸት ከሚያልቅ በመጽሔታችን ላይ በጽሑፍ ቢወጣ ለሁላችንም ይጠቅማል ብለን ተመካከርንና ይህን ጻፍን። በጥቅሉ ውስጥ ምን እንደ ነበረ ለማወቅ የሚፈልግ ካለ፣ ለሦስት ልጆች የሚበቃ የወር አበባ መጠበቂያና አንድ ጥንድ ነጠላ ጫማ ነበር።

ሴት ተማሪዎች በስልክ ስለሚያደርጉት ግዢ በግቢያችን ሁለት ዓይነት ንግግር ይሰማል። አንዱ ተረብ ነው፤ ሁለተኛው ስብከት ነው። ተረበኛው፣ ሴት ተማሪ ሁሉ ቀሚስ ስታገላብጥ ታድራለች ይላል። ሰባኪው ደግሞ፣ በእናት አባት ላብ የተገኘ ገንዘብ ለጌጥ አይዋል ይላል። ሁለቱም ያልጠየቁት ጥያቄ ግን አለ። ይኸውም፣ ገንዘቡ ከእጃችን ከወጣ በኋላ ዕቃው ሳይመጣ ቢቀር፣ ወይም የመጣው ሌላ ቢሆን፣ ማን ይጠየቃል? የሚለው ነው። እኛ በበኩላችን ለማሳየት የምንፈልገው፣ ተረቡና ስብከቱ አንዲቱንም እኅት ከኪሳራ እንዳላዳኑ፣ ይልቁንም ለአታላይ ነጋዴ ጋሻ እንደ ሆኑለት ነው።

አስቀድመን ገበያው እንዴት እንደሚሠራ እንናገር፤ ብዙዎቹ ተረበኞች አያውቁትምና።

አንድ ሻጭ በቴሌግራም ቻናል ይከፍታል። በቻናሉ ላይ የጫማ፣ የቦርሳ፣ የቀሚስ፣ የሰው ሠራሽ ጸጉር፣ የፊት ቅባት ሥዕል ይለጥፋል። ሥዕሉ ብዙውን ጊዜ ሻጩ ያነሣው አይደለም፤ ከሌላ ቻናል ወይም ከውጭ አገር ነጋዴ የተወሰደ ነው። ከሥዕሉ በታች መለኪያና ቀለም ይጻፋል፤ ዋጋው ግን አይጻፍም። በዋጋው ፋንታ «ዋጋ በውስጥ መስመር» ይላል። ገዢዋ በውስጥ መስመር ስትጽፍ «እሺ ውዴ፣ የት አካባቢ ነሽ?» ትባላለች። እኛ ይህን ለመሞከር ከአንድ ክፍል ሁለታችን ስለ አንድ ቦርሳ በአንድ ቀን ጠየቅን። አንዲቱ ቦሌ ነኝ አለች፤ ሁለተኛይቱ የተማሪዎች መኝታ ቤት ነኝ አለች። የቦሌዋ ዋጋ ከፍ ያለ ነበር። የመኝታ ቤቷ ዋጋ ዝቅ አለ፤ ግን «ዛሬ ካልከፈልሽ ይሸጣል፤ ሁለት ፍሬ ብቻ ነው የቀረው» የሚል ተጨመረበት። ያ ቦርሳ ከሦስት ሳምንት በኋላም ያው ሁለት ፍሬ ቀርቶት በቻናሉ ላይ ነበር።

ዕቃው በእጅ ያለ ከሆነ ሞተረኛ ያደርሰዋል፤ የማድረሻውን ሒሳብ ገዢዋ ትከፍላለች። በእጅ የሌለ ከሆነ «በትእዛዝ» ይባላል። የትእዛዝ ዕቃ ከዱባይ ወይም ከቻይና በመንገደኛ ሻንጣ ወይም በጭነት ይመጣል፤ ከቻይና ተነሥቶ በዓለም ላይ በርካሽ ልብስ የታወቀውን ሺኢንን ልብስ የሚያስመጡልን በዚህ መንገድ ነው። ለዚህ ዕቃ ቀብድ ይጠየቃል፤ አንዳንዱ ግማሹን፣ አንዳንዱም ሙሉውን። ክፍያው በባንክ ወይም በቴሌብር በሰከንዶች ውስጥ ይሄዳል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ገንዘብ መላክን እንዳቀለለልን አንክድም፤ እናቶቻችንም ከገጠር ከተማ ይልኩልናል። ገንዘብ መላክ ሲቀል ግን ገንዘብ ማስመለስ አልቀለለም። ዕቃው ሲመጣ ጫማው ቢጠብ፣ ጨርቁ ቢሣሣ፣ ቀለሙ ቢለይ፣ መልሱ አንድ ነው፤ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም።»

ታዲያ ይህን ሁሉ እያወቃችሁ ለምን ትገዛላችሁ? የሚለን ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነውና እንመልስለት።

መርካቶ ለመሄድ ከግቢያችን ሁለት ታክሲ ይያዛል፤ መመለሻውም እንደዚሁ። ግማሽ ቀን ይሄዳል። በዚያ ላይ ሴት ልጅ በመርካቶ መንገድ ስታልፍ ምን እንደሚደርስባት ወንድሞቻችን አይተዋል። አንዱ ክንዷን ይጎትታል፤ አንዱ «ነይ እንጂ ቆንጆ» ይላል፤ ዕቃውን ዳሳ ሳትገዛ ብትወጣ «ካልገዛሽ ለምን ነካሽው?» ብሎ ይሰድባታል። ከሩቅ ክፍለ ሀገር የመጣችና አማርኛዋ ገና ያልተቃና እኅታችን ከሆነች ደግሞ፣ አፏን በከፈተች ቅጽበት ዋጋው ይጨምራል። በስልክ ላይ ክንድ የሚጎትት የለም። አነጋገርን የሚሰማ የለም። ስለዚህ የስልኩ ገበያ ለብዙዎቻችን የስንፍና መንገድ ሳይሆን፣ ሳይሰደቡ የመግዣ መንገድ ነው። የመርካቶን ስድብ ሸሽተን ወደ ስልኩ ገባን፤ በስልኩም ሌላ ጉዳት ጠበቀን። ልዩነቱ በመርካቶ ዕቃው ቢያንስ በእጅ መዳሰሱ ነው።

አሁን ይህን ጽሑፍ ወደ አስጻፈን ነገር እንምጣ።

ከእኛው ጋር የምትኖር አንዲት እኅት አለች። ስሟን አንጠራም፤ የመጣችበትንም አገር አንናገርም። የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ስለ ሆነች የመመረቂያ ጽሑፏን የምትጽፍበት ያገለገለ ላፕቶፕ ያስፈልጋት ነበር። በቤተ መጻሕፍት ያሉትን ኮምፒዩተሮች ለመጠቀም ሰልፍ ነው፤ ሰልፉም ሳይደርስ ሰዓቱ ያልቃል። እናቷ በግ ሸጠው፣ ከወንድሟም ጨምረው 8,000 ብር ላኩላት። እርስዋም በስልክ ያገኘችውን አንድ ሻጭ አነጋገረች። ሻጩ ሥዕል ላከ፤ በድምፅ አነጋገራት፤ «እኅቴ፣ ለተማሪ ብዬ ነው በዚህ ዋጋ የምሰጥሽ» አላት። 8,000 ብሩን ቀብድ ብላ ላከች፤ የቀረውን ዕቃውን ስትረከብ በየወሩ ልትከፍል ተስማሙ። በማግሥቱ ስልኩ አይመልስም፤ በሦስተኛው ቀን ቻናሉ ጠፋ።

ይህ የሆነው በኅዳር ነው። እኛ የሰማነው በጥር ነው። በአንድ ክፍል እያደርን፣ በአንድ ምጣድ ሽሮ እየሠራን፣ ሁለት ወር ሙሉ አልነገረችንም። ነን ካፌ ስለ ነበረች በምግብ ፋንታ የምትቀበለውን ገንዘብ እያጠራቀመች፣ ቁርሷን ትታ፣ ለእናቷ «ላፕቶፑን ገዝቻለሁ» እያለች ትኖር ነበር። ያወቅነው በፈተና ሰሞን ራሷን ስታ በወደቀች ጊዜ ነው።

ለምን እንዳልነገረችን ስንጠይቃት የሰጠችን መልስ አሳፈረን። «ብናገር፣ ለዊግ ከፍላ ተበላች ይሉኛል ብዬ ፈራሁ» አለች።

ወንድሞቻችን ይህን ነገር ደግመው ያስቡበት። ያች ልጅ የገዛችው ዊግ አልነበረም፤ ዊግ ቢሆንም እንኳ የተሰረቀ ገንዘብ የተሰረቀ ነው። እርስዋ ግን በምግብ አዳራሹ በር ላይ የሚጮኸውን ድምፅ አስቀድማ በልቧ ሰምታው ነበርና ዝም አለች። እርስዋ ዝም ባለችበት በዚያ ሁለት ወር ውስጥ፣ ያ ሰው ሌላ ስም ይዞ ሌላ ቻናል እንዳልከፈተ፣ ከሌላ መኝታ ቤትም 8,000 ብር እንዳልወሰደ ማን ያውቃል? አታላይ የሚኖረው በተታላይ እፍረት ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል፤ እኛ ግን እኅቶቻችን በሽታቸውን እንዲደብቁ የምናስገድድ ሆነናል። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ብሎ የሚተርትባትም ሰው እንደዚሁ ነው፤ ለተመነጠረችው ስም አወጣላት እንጂ መንጣሪውን አልነካውም።

በሴት ልጅ ልብስ ላይ መጮህ በአገራችን ተማሪዎች ዘንድ አዲስ ነገር አይደለም። በመጋቢት 1960 ዓ.ም.፣ በዚያን ጊዜ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ይባል በነበረው የስድስት ኪሎ ግቢ፣ በራስ መኰንን አዳራሽ የፋሽን ትርኢት ተዘጋጅቶ ነበር። ተማሪዎች የባዕድ ባህል ወረራ ነው፤ ሕዝቡ እየተራበ የቅንጦት ልብስ ማሳየት አይገባም ብለው ተቃወሙ። በዚያ ግርግር ሊያዩ የመጡትን የገፉ፣ ሴቶቹንም የሰደቡ ነበሩ። ፖሊስ ገባ፤ ተማሪዎች ታሰሩ፤ ዩኒቨርሲቲውም ለጊዜው ተዘጋ። እነዚያ ወንድሞች ያነሡት ጥያቄ ትልቅ ጥያቄ ነበር። የድሀ አገር ገንዘብ ለባዕድ ዕቃ ሲፈስ የሚጠቀመው ማን ነው? ማለታቸው ትክክል ነበር። ስሕተታቸው ጥያቄውን ከአስመጪውና ከሻጩ ፊት በማቅረብ ፋንታ በአንዲት ተማሪ ቀሚስ ላይ ማሳረፋቸው ነው። ቀሚሷ ቅርብ ነበር፤ አስመጪው ሩቅ ነበር። ዛሬም ከዚያ ወዲህ ብዙ አልተራመድንም።

በእርግጥ ስለ አገር ኢኮኖሚ ለመነጋገር የሚፈልግ ካለ እኛም ዝግጁዎች ነን። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር ያህል የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንቶች ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ከውጭ የሚመጣ ማናቸውም ዕቃ፣ የወር አበባ መጠበቂያም ቢሆን፣ ተከትሎ ተወደደ። በሌላ በኩል በሐዋሳ የኢንዱስትሪ ፓርክ የእኛው እኩዮች የሆኑ ሴት ልጆች ለውጭ አገር ነጋዴዎች ሸሚዝ ሲሰፉ፣ የመነሻ ደመወዛቸው በ2011 ዓ.ም. በወር 26 ዶላር ያህል እንደ ነበረ ተጽፏል። አንዲቱ እኅታችን ሰፍታ የማትለብሰውን ወደ ውጭ ትልካለች፤ ሁለተኛይቱ ከቻይና የተሰፋውን በስልክ ታዝዛለች። ይህን የመሰለ ነገር ነው በክርክር መድረካችን ላይ መነሣት የሚገባው። ሞተረኛ በር ላይ በቆመ ቁጥር መሣቅ ኢኮኖሚ አይባልም።

ደግሞም እውነቱን እንነጋገር ካልን፣ ቅዳሜ ማታ በእንግሊዝ ኳስ ላይ በስልክ የሚወራረደውን ገንዘብ ማን ይቈጥረዋል? እኅቲቱ ቢያንስ ጫማ ታገኛለች፤ ቢጠባትም ለታናሿ ትልካለች። ይህን የምንለው ለብድር መመለሻ አይደለም፤ በስልክ የሚባክን ገንዘብ ጾታ እንደሌለው ለማስታወስ ነው።

እኛም ደግሞ ከበደል ነጻ አይደለንም። በክፍላችን ስድስት ነን፤ አንድ ወር ሙሉ የገዛነውን ሁሉ በአንድ ደብተር ላይ ለመጻፍ ተስማምተን ነበር። ደብተሩ ብዙ አስተማረን። ያልተጸጸትንባቸው ግዢዎች ቀን በቀን ብርሃን፣ እርስ በርሳችን ተማክረን ያደረግናቸው ናቸው። የተጸጸትንባቸው አብዛኞቹ ከሌሊቱ አምስት ሰዓት በኋላ፣ ብርድ ልብስ ውስጥ፣ ብቻችንን የገዛናቸው ሆነው ተገኙ። ፈተና ከብዶን፣ ወይም ከቤት መጥፎ ወሬ ሰምተን፣ ወይም አንዲት የክፍል ጓደኛ አዲስ ነገር ለብሳ አይተን የገዛናቸው ናቸው። ከመካከላችን አንዲቱ ለጓደኛ ልደት በሚለበስ ቀሚስ የተነሣ የሦስት ሰው ብድር ገብታ ነበር። ሌላይቱ ፊትን ያነጣል የተባለ ስም የሌለው ቅባት ገዝታ ፊቷ ለሁለት ሳምንት ቈስሎ ነበር። ይህን አንደብቅም። ነገር ግን እነዚህን ጥፋቶች ያወቅናቸውና ያረምናቸው ደብተሩን አብረን ስለ ያዝን ነው እንጂ የሰደበን ስለ ነበረ አይደለም።

ሻጮችም ሁሉ አታላዮች አይደሉም። ይህን ሳንናገር ብናልፍ ራሳችንን እንበድላለን፤ ከሻጮቹ መካከል የእኛው እኅቶች አሉበትና። በመኝታ ቤታችን ከመርካቶ በዱቤ ቅባትና የጸጉር ዘይት አምጥታ፣ በቴሌግራም ለጥፋ፣ በትርፉ የሃንድአውት ኮፒዋን የምትከፍል ልጅ አለች። ከዱባይና ከቤይሩት በቤት ሠራተኛነት ያሉ ታላላቅ እኅቶቻቸው የላኩትን ልብስ የሚሸጡም አሉ። እነርሱም በበኩላቸው ይታለላሉ፤ ከፍያለሁ ብላ የሐሰት የክፍያ ሥዕል ልካ ዕቃ ወስዳ የጠፋች ገዢ አለች። ስለዚህ ገበያው ይዘጋ አንልም። ገበያው ደንብ ይኑረው ነው የምንለው።

ደንቡ ከሰማይ የሚወርድ አዲስ ነገር አይደለም። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813፣ ነጋዴ ዋጋውን በግልጽ እንዲያስታውቅ፣ ጉድለት የተገኘበት ዕቃም በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥ ወይም ገንዘቡ እንዲመለስ ለመጠየቅ ሸማቹ መብት እንዳለው ደንግጎ ነበር። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205 ደግሞ በኤሌክትሮኒክ የተላከ መልእክት ኤሌክትሮኒክ በመሆኑ ብቻ ሕጋዊ ውጤት እንዳይነፈገው አድርጓል። እንግዲህ በስልክ ላይ የተጻፈው «እሺ ውዴ፣ በ15 ቀን ይደርስሻል» ተራ ወሬ አይደለም፤ ውል ነው። ብዙዎቻችን ግን ከተናደድን በኋላ መጀመሪያ የምናደርገው መልእክቱን መደምሰስ ነው። ማስረጃችንን በገዛ እጃችን እናጠፋለን።

ስለዚህ ለእኅቶቻችን የምናቀርበው ምክር አጭር ነው። አንደኛ፣ ዋጋውን በግልጽ ካልጻፈ ሻጭ አንግዛ፤ ሁላችንም እንቢ ካልን በሳምንት ውስጥ ይጽፋል። ሁለተኛ፣ ሳናይ ሙሉ ክፍያ አንክፈል፤ ለትእዛዝ ዕቃም ቢሆን ቢጠፋ ቁርስ የማያስተወንን ያህል ብቻ ቀብድ እንስጥ፤ መለኪያው፣ ቀኑና የመመለሻው ነገር አስቀድሞ በጽሑፍ ይሁን። ሦስተኛ፣ መልእክቱን እናስቀምጥ። አራተኛ፣ በሌሊት የወደድነውን በጧት ለአንዲት ጓደኛ አሳይተን እንግዛ።

ለተማሪዎች ኅብረት መሪዎች የምናቀርበው ጥያቄም ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ሁለቱም ብዙ ገንዘብ አይፈልጉም።

የመጀመሪያው አንድ መዝገብ ነው። በኅብረቱ ቢሮ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ። ከማን እንደ ገዛን፣ ስንት እንደ ከፈልን፣ ዕቃው እንደ ተባለው መምጣት አለመምጣቱን፣ ሻጩ ሲጠየቅ ምን እንደ መለሰ እንጻፍበት። የገዢዋ ስም አያስፈልግም፤ የክፍያው ማስረጃ ለጸሐፊው ከታየ ይበቃል። ሻጩም መልስ ካለው በዚያው ገጽ ላይ ይጻፍለት። ማንም ተማሪ፣ ወንድ ቢሆን ሴት፣ ገንዘቡን ከመላኩ በፊት መዝገቡን ይገልጣል። ያች እኅታችን በኅዳር እንዲህ ያለ መዝገብ ብታገኝ ኖሮ፣ ከእርስዋ በፊት የተታለለች ካለች ታነብ ነበር፤ ባትኖርም የመጀመሪያውን መስመር እርስዋ ትጽፍ ነበር።

ሁለተኛው አንድ ክፍልና አንድ መስታወት ነው። ዛሬ ዕቃ የምንረከበው በግቢው በር ላይ ነው። ሞተረኛው ሞተሩን ሳያጠፋ ይቆማል፤ ጥበቃው «ቶሎ በይ» ይላል፤ ልጅቱ በአንድ እግሯ ድንጋይ ላይ ቆማ ጫማውን ትለካለች፤ ከበሩ ወዲህ ያሉት ይሥቃሉ። እፍረቱን ለማሳጠር ብላ ሳትለካ ከፍላ ትገባለች። ጫማው የሚጠበው በመኝታ ቤት ነው፤ በዚያን ጊዜ ሞተረኛው ሄዷል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለሁለት ሰዓት ያህል በበሩ አጠገብ አንድ ክፍል ቢከፈትልን፣ ዕቃው በዚያ ይመጣል፤ ተለክቶ፣ ታይቶ፣ ካልሆነ በዚያው ይመለሳል። የሚያመጡትም ሻጮች ፊታቸውን ያሳያሉ። ፊቱን ለማሳየት የማይፈልግ ሻጭ ማንነቱን በዚሁ ነገረን ማለት ነው።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እያልን በየስብሰባው እንናገራለን። እስከ ዛሬ የስልኩ ገበያ ያሸነፈን እያንዳንዳችንን በየብርድ ልብሳችን ውስጥ ለየብቻ ስላገኘን ነው። ዋጋው በውስጥ መስመር፤ ክፍያው በውስጥ መስመር፤ ለቅሶውም በውስጥ መስመር። ይህን ሁሉ ወደ አደባባይ ማውጣት ነው መድኃኒቱ።

ያች ጓደኛችን ይህ ጽሑፍ እንዲወጣ ፈቅዳለች። የመመረቂያ ጽሑፏን አሁን የምትጽፈው በእኛ ላፕቶፕ በተራ ነው፤ ለእናቷም እውነቱን ነግራለች። እናቷ በስልክ ያሏትን ነግራናለች፤ «ልጄ፣ በጉስ ይተካል፤ አንቺ ለምን ጾምሽ?» ነው ያሏት።

በሚመጣው የኅብረቱ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የመዝገቡንና የክፍሉን ጉዳይ እናነሣለን። በምግብ አዳራሹ በር ላይ የጮኸው ወንድማችንም ይምጣ። ድምፁ ጎላ ያለ ስለ ሆነ፣ ለእኛ ቢጮኽልን እንጠቀምበታለን።